ካሴት የሌለው ጌም እንዴት ይወረሳል?

ባለፈው ክረምት ጅማ መርካቶ ካሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች በአንዱ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል አንድ ቻርጀር ስናፈላልግ ቆየን። አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለዘመድ ጥየቃ በመጣ ጊዜ ኒንቴንዶ ዲኤስአይ የሚባል፣ በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ ለልጄ ሰጥቶት ሄዷል፤ ቻርጀሩ ግን እዚያው አሜሪካ ቀርቷል። ጠጋኙ ወጣት የገመድ መሳቢያውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አንድ በአንድ ሞከረ። የሁሉም ጫፍ ወይ ይሰፋል ወይ ይጠብባል። «ጋሼ፣ ይሄ የራሱን ነው የሚፈልገው» አለኝ። ከዲኤስአይ በኋላ የወጣው ስሪዲኤስ የሚባለው መሣሪያ ቻርጀር አንድ ዓይነት መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ አንድ ወዳጄ እሱን አዲስ አበባ አግኝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ።

ለዓመታት ሳይሞላ የቆየው ባትሪ አንድ ሰዓት ያህል ከተሰካ በኋላ ሁለቱ ስክሪኖች በሩ። በታችኛው ስክሪን ላይ ትንንሽ ሣጥኖች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ነጭ ማውጫ መጣ። ልጄ በፕላስቲኩ እስክሪብቶ ወደ ቀኝ እየገፋ ሲሄድ፣ ከረድፉ መጨረሻ ላይ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ሣጥን አገኘ። ዲኤስአይ ከኦንላይን ሱቁ የወረደን አዲስ ጌም ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪከፍተው ድረስ የሚያሳየው በዚህ መልክ ነው። ልጄ ነካው፤ ወረቀቱ ተፈታ፤ ኤክስስኬፕ የሚል ስም ወጣ።

የአክስቴን ልጅ በቴሌግራም ስጠይቀው ነገሩን እንደምንም አስታወሰ። ሱቁ ሊዘጋ ነው ሲባል በመሣሪያው ላይ ቀርቶ የነበረው፣ ለመግዣ የሚያገለግለው ነጥብ እንዳይባክን ብሎ፣ የጌሙን ስም እንኳ በቅጡ ሳያይ ገዝቶ፣ ከዚያም መሣሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከቶት ቆይቷል። ስለዚህ ያ ጌም ከተገዛ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው ጅማ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጌሙ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትም ጌም ወደ ከተማችን ስለሚመጣበት መንገድ፣ ያ መንገድም እየተዘጋ ስለመሆኑ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤክስስኬፕ በ2010 የወጣ፣ ጃፓን ኪዮቶ በሚገኘው ኪው ጌምስ የተሠራ ጌም ነው። በሰሜን አሜሪካ ኤክስስኬፕ፣ በአውሮፓ ስሪዲ ስፔስ ታንክ፣ በጃፓን ደግሞ ኤክስ ሪተርንስ ተብሎ ተሸጧል፤ አንድ ጌም ሦስት ስም ስላለውም ስለ እሱ ማንበብ የፈለገ ሰው ሦስት ጊዜ መፈለግ አለበት። የኩባንያው መሥራች እንግሊዛዊው ዲላን ከትበርት ገና በወጣትነቱ አርጎኖት በሚባል የለንደን ድርጅት ሲሠራ፣ ጌም ቦይ በተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ላይ ማንም ያልጠበቀውን ነገር ካደረጉት አንዱ ነበር። የጌም ቦይ ስክሪን 160 በ144 ነጥብ ብቻ ያለው፣ ከአራት የግራጫ ደረጃ በላይ የማያሳይ፣ አእምሮውም ከዛሬ የእጅ ሰዓት ጋር የማይወዳደር መሣሪያ ነው። በዚያ ላይ መስመሮችን አገጣጥመው ተጫዋቹ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባበት፣ ጥልቀት ያለው ዓለም ሠሩ። ኒንቴንዶም ሥራውን አይቶ ወደ ጃፓን ጠራቸው፤ በዮሺዮ ሳካሞቶ ዳይሬክተርነትና የጌም ቦይ አባት በሆነው በጉንፔ ዮኮይ ፕሮዲውሰርነት ኤክስ የተባለው ጌም በ1992 ወጣ። የእንግሊዝኛ ቅጂ ታስቦለት የነበረ ቢሆንም ስለቀረ፣ ጌሙ ከጃፓን ውጪ አልተሸጠም። እንግዲህ ኤክስስኬፕ ከጃፓን ውጪ ያለ ሰው በአገሩ ሱቅ ሊገዛው ያልቻለው የኤክስ ቀጣይ ክፍል ነው፤ የመጣውም ከ18 ዓመት በኋላ ነው። የመጀመሪያው በአንድ አገር ተወስኖ ቀረ፤ ሁለተኛው ደግሞ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ቀረ።

ስለ ጌሙ አጨዋወት ጥቂት ልበል፤ ስለ መዘጋቱ ብቻ ማውራት ጌሙን መበደል ይሆናልና። ተጫዋቹ ታንክ ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ወደ ውጪ ያያል። በቀስት ቁልፎቹ ይንቀሳቀሳል፤ በታችኛው ስክሪን ላይ እስክሪብቶውን እያንሸራተተ ይዞራል። የሚታየው ዓለም ከጥቂት ማዕዘኖችና ከደማቅ ቀለሞች ብቻ የተሠራ ነው፤ ሕንፃውም ጠላቱም ልጅ በማስመሪያ የሣለው ይመስላል። እያንዳንዱ ስክሪን 256 በ192 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ዝርዝር ነገር ማሳየት አይችልም፤ ሠሪዎቹም ዝርዝሩን ትተው ርቀትን አሳዩ። ከፊት ለፊት ያለው ነጥብ ቀስ በቀስ መስመር ይሆናል፤ መስመሩ ቅርጽ ይይዛል፤ ቅርጹም ድንገት ወደ አንተ የሚተኩስ ነገር ሆኖ ይደርሳል። በፕላኔቶቹ መካከል ደግሞ ረጃጅም ዋሻዎች አሉ። ታንኩ በዚያ ውስጥ በፍጥነት ሲበር መሰናክሎች ከፊት ይመጣሉ፤ ልጄም ወደ ግራ ሲታጠፍ ትከሻውንና ራሱን ጭምር ወደ ግራ ያዘነብላል። እስክሪብቶና ቁልፍ አንድ ላይ መያዙ እጅን ያደክማል፤ ግማሽ ሰዓት ከተጫወቱ በኋላ አውራ ጣት ይደነዝዛል። ይህም ሆኖ፣ በጥቂት ሜጋባይት ውስጥ ይህን ያህል ስፋት ያለው ዓለም ማኖር ትልቅ ችሎታ እንደሆነ ከልቤ አምናለሁ፤ በዚህ ዘመን በመቶ ጊጋባይት የሚለኩ ጌሞችም እንዲህ ዓይነት የርቀት ስሜት ሁልጊዜ አይሰጡም።

ጠጋኙም ወደደው። በሦስተኛው ቀን ሱቁ ስንሄድ ፍላሹን አውጥቶ «ለእህቴ ልጅ ጫንልኝ» አለኝ። ይህ በሙያው የለመደው ጥያቄ ነው፤ ሰዎች ዘፈን፣ ፊልም፣ መዝሙር፣ አፕ እንዲጭንላቸው ቀኑን ሙሉ ወደ እሱ ይመጣሉ። የእህቱ ልጅ ደግሞ እንዲሁ አንድ አሮጌ ዲኤስአይ አለው። ሊሆን እንደማይችል ያስረዳሁት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ነው፤ ስናገር ግን ለእኔም ቢሆን ነገሩ ያኔ ነው የተገለጠልኝ።

በዲኤስአይ ላይ የወረደ ጌም በመሣሪያው የውስጥ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል። ማከማቻው 256 ሜጋባይት ነው። ጌሙን ወደ ኤስዲ ካርድ መገልበጥ ይቻላል፤ ነገር ግን የተገለበጠው ፋይል በዚያ መሣሪያ ቁልፍ የተቆለፈ ስለሆነ በሌላ ዲኤስአይ ላይ ቢያስገቡት አይከፈትም። ሁለት ጎረቤቶች ተመሳሳይ መሣሪያ ቢኖራቸው እንኳ አንዱ ለሌላው ማዋስ አይችልም። በዚያ ላይ ከሱቁ የሚወርዱት ጌሞች በክልል የተከፈሉ ናቸው፤ ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ ከአውሮፓው ሱቅ፣ ከአውሮፓ የመጣው ከጃፓኑ ሱቅ መግዛት አይችልም ነበር። ስሪዲኤስ ከወጣ በኋላ ጌሞችን ከዲኤስአይ ወደ አዲሱ መሣሪያ ማዛወር ተፈቀደ፤ ሲዛወሩ ግን ከአሮጌው ላይ ይጠፋሉ። ግዢው የተመዘገበው በሰው ስም ሳይሆን በመሣሪያ ስም ነው ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ መሣሪያውን ለልጄ ሲሰጥ ጌሙንም አብሮ የሰጠው ለዚህ ነው፤ መሣሪያውን አስቀርቶ ጌሙን ብቻ ልስጥ ቢል ኖሮ አይችልም ነበር።

ኒንቴንዶ ዲኤስአይን በጃፓን በኖቬምበር 2008፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በኤፕሪል 2009 ለገበያ ሲያቀርብ የራሱን የኦንላይን ሱቅም ከፍቶለት ነበር፤ የጃፓኑ ሱቅ የተከፈተው ግን በዲሴምበር 2008 ነው። ዋጋው በነጥብ ይቆጠራል፤ 100 ነጥብ አንድ ዶላር ነው፤ ኤክስስኬፕ 800 ነጥብ ያወጣል። በሴፕቴምበር 30፣ 2016 ነጥብ መሙላት ቆመ፤ በማርች 31፣ 2017 ሱቁ ሽያጭ አቆመ። የዲኤስአይ የወረዱ ጌሞች አብዛኞቹ በስሪዲኤስ ሱቅ መሸጣቸውን ቀጥለው ነበር፤ ያም ሱቅ በማርች 27፣ 2023 ተዘጋ። ከዚያ ቀን በኋላ የተፈጠረ ሰው፣ ወይም ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጌሙ የሰማ ሰው፣ ገንዘብ ይዞ ቢዞር ኤክስስኬፕን በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥለት አያገኝም። ያለው አማራጭ ጌሙ ቀድሞ የተጫነበትን መሣሪያ ራሱን መግዛት ነው።

እኛ ጅማ ላይ ሆነን ይህንን የምናይበት ዓይን ከቶኪዮ ወይም ከኒውዮርክ ሰው የተለየ ነው። ኢትዮጵያ የራሷ የኒንቴንዶ ሱቅ ኖሯት አያውቅም፤ በብር የሚገዛ ነጥብም አልነበረም። ጌም ወደ እኛ የሚመጣው ሌላ ሰው ከተጫወተበት በኋላ ነው። የእኔ ትውልድ ፈረንጅ አራዳና መንጢና አካባቢ ሲያድግ ጌም ማለት ካሴት ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘው መሣሪያ አንድ ቤት ይኖራል፤ ካሴቱ ግን ይዞራል። አንዱ ካሴት ሲሰለች ከሌላ ሰፈር ልጅ ጋር ይቀያየራል፤ አልሠራ ሲል ወርቃማ ጥርሶቹ ላይ እፍ ተብሎ፣ በሸሚዝ ጫፍ ተጠርጎ መልሶ ይገባል። ከዚያ የፕሌይስቴሽን ዘመን መጣ፤ ዲስክ ተገለበጠ፤ በየመንደሩ ጌም ቤት ተከፈተ። መገልበጡ በሕግ የተፈቀደ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ነገር ግን ኦሪጅናሉም ሆነ ግልባጩ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ዕቃ ስለነበር፣ ዶላርም ካርድም የሌለው ልጅ ከዓለም እኩል ባይሆን እንኳ ትንሽ ዘግይቶ ይደርስበት ነበር።

የወረደ ጌም ይህን ሰንሰለት ይበጥሰዋል። ያገለገለ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ከመሸጡ በፊት የራሱን መረጃ ማጥፋቱ ተገቢ ነው፤ ሲያጠፋ ግን ጌሞቹም አብረው ይሄዳሉ፤ ሱቁ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ገዢው መልሶ የሚገዛበት ቦታ የለም። ያ ጠጋኝ ከልጄ መሣሪያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሌላ አሮጌ የእጅ ጌም መጥቶለት ነበር፤ የማን ሥራ እንደሆነ እዚህ መናገር አያስፈልግም። ቦርዱ ውኃ ነክቶት ኖሮ ማከማቻው ሞቷል። የመሣሪያው ባለቤት የሆነችው ልጅ ስክሪንና መያዣው ደህና መሆኑን እያሳየች «ጌሞቹስ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችው። ካሴት ቢሆን ከሞተው አውጥቶ በሌላ መሣሪያ ላይ ይሰካላት ነበር። ለእሷ የሚሰካላት ነገር አልነበረም።

ይህ የአንድ ኩባንያ ወይም የአንድ መሣሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሶኒ በ2021 የፕሌይስቴሽን 3ን፣ እንዲሁም በእጅ የሚያዙትን የቪታና የፒኤስፒ መሣሪያዎች ሱቆችን እዘጋለሁ ብሎ ካስታወቀ በኋላ ተጫዋቾች ሲቃወሙት የፕሌይስቴሽን 3ንና የቪታን ሱቅ ላለመዝጋት ወሰነ፤ በፒኤስፒ መሣሪያ ላይ መግዛት ግን በዚያው ዓመት ጁላይ ቆመ። እኔ ከዚህ የተረዳሁት መዝጋቱ የማይቀር የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ነው፤ ሰዎች ተቀምጠው የሚወስኑት፣ ሲጠየቁም የሚቀይሩት ውሳኔ ነው። በከተማችን ጌም ቤቶች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ምሳሌ ግን ፊፋ ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጋር የነበረው የስም ውል ካበቃ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2023 ከፊፋ 14 እስከ ፊፋ 23 ያሉትን ጌሞች ከኦንላይን ሱቆች አስወጣ። ዲስክ ያላቸው ጌም ቤቶች ዛሬም ያጫውታሉ፤ ዲስክ የሌለው አዲስ ገዢ ግን እነዚያን ዓመታት ከሱቅ ማውረድ አይችልም። ቆጪ አካባቢ ያለ አንድ ጌም ቤት ፊፋ 14ን እስከ አሁን በሰዓት ሲያከራይ ያየ ሰው፣ ያ የተቧጨረ ዲስክ ከሱቁ ይልቅ ዕድሜ እንዳለው በዓይኑ አይቷል።

በአሜሪካ የሚገኘው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ እንደማይገኙ አሳይቷል፤ ከጌም ቦይ ቤተሰብ ጌሞች ውስጥ አሁንም የሚሸጡት 5.87 በመቶ ብቻ ናቸው። እነዚህ አብዛኞቹ በካሴትና በዲስክ የወጡ፣ ቢያንስ በአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚገኙ ናቸው። የወረዱትን ስናስብ ቁጥሩ የሚናገረው ነገር የበለጠ ያስፈራል፤ ለእነሱ አሮጌ ዕቃ ገበያ የሚባል ነገር የለምና።

የኩባንያዎቹን ክርክር በቅንነት ማየት ያስፈልጋል። ሱቅ ማለት ሕንፃ የሌለው ይሁን እንጂ ወጪ ያለው ነገር ነው፤ የክፍያ ሥርዓቱ ከአዳዲስ የደኅንነት መስፈርቶች ጋር እየታደሰ መሄድ አለበት፤ አሥር ዓመት ያለፈው መሣሪያ ደግሞ እነዚያን መስፈርቶች መሸከም ይከብደዋል። በጌሙ ውስጥ ያለው ዘፈን፣ የመኪና ስም፣ የተጫዋች ፎቶ በውል የተገኘ ከሆነ ውሉ ሲያበቃ መሸጥ አይቻልም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ማንም ኩባንያ ሱቁን ለዘላለም ከፍቶ እንዲያቆይ መጠየቅም አግባብ አይመስለኝም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሱቁ ሲዘጋ ቁልፉ ለምን እንደተቆለፈ ይቀራል? ኤክስስኬፕ ውስጥ በውል የተገኘ የእግር ኳስ ቡድንም ሆነ የመኪና ስም የለም። የማይሸጥ ነገር ላይ መቆለፊያ መተው ገቢ አያስገባም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጌሙን ካረጁ ማከማቻዎች ጋር አብሮ ማስረጀት ነው፤ የኤሌክትሪክ ማከማቻ ደግሞ እንደ ድንጋይ ጽሑፍ የሚቆይ አይደለም፤ የያዘው ምልክት ከዓመታት ብዛት ይደበዝዛል።

ሕጉ እስከ አሁን ያለው ከቁልፉ ጋር ነው። በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ እንዲህ ያለውን መቆለፊያ መስበር ይከለክላል፤ ነፃ የሚወጡ ጉዳዮች በየሦስት ዓመቱ ይመረመራሉ። በ2024 ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጌሞችን ለተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያሳዩ የቀረበውን ጥያቄ የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ አልተቀበለውም። መጽሐፍ በዚህ መልክ ሊታይ ሲችል ጌም የማይታይበት ምክንያት ለእኔ አሳማኝ አይደለም፤ ሰዎች ይዝናኑበታል የሚለው ስጋት ለልብ ወለድም ይሠራልና። በሌላ በኩል ካሊፎርኒያ ከጃኑዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ሻጩ ሊመልሰው የሚችለውን ዲጂታል ዕቃ ፈቃድ እየሰጠ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» ብሎ መሸጥ አይችልም። በአውሮፓም በ2024 የተጀመረው፣ ጌሞች ከተሸጡ በኋላ እንዳይገደሉ የሚጠይቀው የዜጎች ፊርማ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው አሰባስቧል።

በአገራችን ነገሩ የሩቅ ወሬ የሚመስላቸው ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እኔ ግን የቅርብ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጌሞች ከመጀመሪያው ካሴት አልነበራቸውም። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራውን፣ ዶሮ ከአሳዳጇ ሮጣ የምታመልጥበትን ኩኩሉን ጨምሮ በአገር ልጅ የተሠራ አብዛኛው ጌም የተወለደው በስልክ አፕ ሱቅ ውስጥ ነው። የስልክ ሱቅ ደግሞ ሳይዘጋም ዕቃ ይጥላል። አፕል በ2017 አይኦኤስ 11 የተባለውን የስልኩን ሥርዓት ሲያወጣ፣ 32 ቢት በሚባለው በአሮጌው አሠራር የተሠሩ አፖች ሁሉ በእሱ ላይ መሥራት አቆሙ። ጎግልም ለረጅም ጊዜ ያልታደሱ አፖችን አዲስ አንድሮይድ ያለው ሰው እንዳያገኛቸው የሚያደርግ ሕግ በሱቁ ላይ አውጥቷል። አንድ የተማሪዎች ቡድን ሠርቶ፣ ተመርቆ፣ ተበታትኖ የሄደበት ጌም የሚያድሰው የለም፤ ስለዚህ ማንም «ይጥፋ» ሳይል ይጠፋል።

ሕጋችን ለዚህ ጨርሶ በር አልዘጋም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብትና መሰል ተቋማት በተወሰነ ሁኔታ፣ ለትርፍ ሳይሆን ሥራን ለማቆየትና የጠፋን ለመተካት ቅጂ እንዲያዘጋጁ ይፈቅዳል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰውም መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ እንደሚችል ይናገራል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 ደግሞ በአገር ውስጥ የታተመ ሥራ ቅጂው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲገባ ያስገድዳል። እነዚህ ሁለቱ ሲያያዙ አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይቻላል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ ጌም ወደ አፕ ሱቅ ሲገባ፣ ያልተቆለፈ አንድ ቅጂውና የተሠራበት ኮድ በአደራ ወመዘክር ይግባ፤ ሠሪው እየሸጠው እስካለ ድረስ ማንም አይንካው፤ ከገበያ ሲወጣ ለተማሪና ለተመራማሪ ይከፈት። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የአንድ የስልክ ጌም ሙሉ ፋይል ከአንድ ፊልም ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው።

ጅማም የራሷን ድርሻ መውሰድ ትችላለች። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪዎችን በኮምፒውተር ሙያ ያስመርቃል፤ ለመመረቂያ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ውስጥ ጌሞች እንደሚኖሩ መገመት አያስቸግርም። የተማሪው ጽሑፍ በወረቀት ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ፣ ጌሙ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀረው በተማሪው ላፕቶፕ ላይ ነው። በከተማው ሙዚየም የአባ ጅፋር ዕቃዎች ተቀምጠዋል። ከጠንካራ እንጨት የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ደረቅ ክፍል ካገኘ ትውልድ ይሻገራል፤ የተቀመጠው ዕቃ ራሱ ሥራው ነውና። ዲኤስአይን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ማኖር ግን ፕላስቲኩን ማኖር ነው። ጌሙ የሚኖረው መሣሪያው ሲበራ፣ አንድ ሰው እስክሪብቶ ይዞ ወደ ዋሻው ሲገባ ብቻ ነው፤ ያንን ማቆየት የሚቻለው ደግሞ ጌሙን ከመሣሪያው አላቅቆ ወደ ሌላ ማሻገር ሲፈቀድ ነው። የመሣሪያውን ጠባይ በኮምፒውተር ላይ የሚደግሙ ኢሙሌተር የሚባሉ ፕሮግራሞችን በጎ ፈቃደኞች ሠርተዋል፤ የዲኤስአይን ጌም የሚያስኬዱም አሉ። የቴክኒኩ ነገር በአብዛኛው ተፈትቷል፤ የቀረው የፈቃዱ ነገር ነው።

ካሴቱ ራሱም በዚህ መካከል እየተለወጠ ነው። ኒንቴንዶ በጁን 2025 ላወጣው ስዊች 2 ለተባለው መሣሪያ አንዳንድ ጌሞች የሚሸጡበት ካርድ ጌሙን በውስጡ አልያዘም፤ ካርዱ ጌሙን ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚያስችል ቁልፍ ብቻ ነው። ካርዱን ማዋስም መሸጥም ይቻላል፤ ከዚህ አንጻር ከዲኤስአይ የተሻለ ነው። ነገር ግን የሚያወርደው ቦታ ሲዘጋ ካርዱ ባዶ ፕላስቲክ ይሆናል። ያ ቀን ሲመጣ እነዚያ ካርዶች እንደተለመደው በሻንጣ ተጭነው ጅማ ይደርሳሉ፤ መርካቶ ያለው ጠጋኝም ጥርሳቸውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ይሞክራቸዋል።

የልጄ ዲኤስአይ አሁን ይሠራል። ቻርጀሩ ላይ ባለ 4.6 ቮልት መሆኑን በነጭ ወረቀት ጽፈን ለጥፈንበታል፤ ሌላ ሰው ሲፈልገው እንደ እኛ ሁለት ሳምንት እንዳይፈጅበት። የጠጋኙ እህት ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እቤት እየመጣ በየተራ ይጫወታሉ፤ ጌሙን መውሰድ ስለማይችል እሱ ወደ ጌሙ ይመጣል።